ከሩቅ የመጡ ሠራተኞች መንደር

«ታሪካዊ ቦታ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጐንደርን ግንብ፣ የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። በእኛም በምሥራቅ ጎጃም የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ስማቸው የታወቀ ነው። እነዚህን የሚያውቅ ሰው አገሩን ያውቃል።

ነገር ግን ታሪክ በትልልቅ ሕንፃዎች ብቻ አይቀመጥም። ብረት የቀለጠበት ምድጃ፣ ኖራ የተቃጠለበት ጉድጓድ፣ ወርቅ አጣቢ ያደረባት ጎጆም ታሪክ አላቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ግንቡ የንጉሥ ስም ስላለበት ጠባቂ አያጣም። የሠራተኛው ጎጆ ግን ባለቤቱ ሲሞት ይፈርሳል። ድንጋዩን ጎረቤት ለአጥር ይወስደዋል። ጥቂት ዘመን ቆይቶ «እዚህ እነማን ነበሩ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል።

በዚህ ትምህርት ሦስት ቦታዎችን እንጎበኛለን። አንደኛው በጣም ሩቅ ነው፤ ወርቅ ፍለጋ አገራቸውን ለቀው የሄዱ ቻይናዎች መንደር ነው። ሁለተኛው ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ቅርብ ነው፤ በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ሦስተኛው ድልድዩን ተሻግሮ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ። በእጁ ሠርቶ ያለፈ ሰው እንዴት ይታወሳል?

1. ወርቅ ያጠቡ ቻይናዎች

ኒው ዚላንድ ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ፣ በውቅያኖስ መካከል የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። በደቡብ ደሴቷ፣ በተራራ መካከል አሮው የሚባል ወንዝ ይፈሳል። በ1862 እ.ኤ.አ. በዚህ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ወሬው ሲሰማ ከየአቅጣጫው ቆፋሪ ጎረፈ። በወንዙ ዳር አሮውታውን የምትባል ከተማ ተቆረቆረች።

የወንዝ ወርቅ እንዴት እንደሚወጣ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በአዶላና በቤኒሻንጉል ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ሥራውን ያውቁታል። ወርቅ ከአሸዋ ይከብዳል። አሸዋው በገበታ ተደርጎ በውኃ ሲወዛወዝ ቀላሉ አሸዋ ይታጠብና ይሄዳል፤ ከባዱ ወርቅ ከገበታው ሥር ይቀራል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። አሮው ወንዝ ደግሞ ከበረዶ ተራራ ስለሚወርድ ውኃው አጥንት ይሰረስራል።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በቀላሉ የሚገኘው ወርቅ አለቀ። ብዙዎቹ ነጭ ቆፋሪዎች ሌላ ቦታ ወርቅ ወጣ ሲባል ጥለው ሄዱ። ገበያው ቀዘቀዘ። የአውራጃው ነጋዴዎች ምን ይሻላል ብለው መከሩ። በአውስትራሊያ በወርቅ ቁፋሮ ላይ የነበሩ ቻይናዎች ትዕግሥተኞች ናቸው፤ ሌላው የተወውን አሸዋ እንደገና አጥበው ወርቅ ያወጣሉ ተባለ። ስለዚህ ቻይናዎቹ ተጋበዙ። ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግባት ጀመሩ። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። ቻይናዎቹ የመጡት ተጠርተው ነው።

አብዛኞቹ በደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ የመርከብ ገንዘብ ተበድረው ነው የተጓዙት። ሚስትና ልጅ፣ እናትና አባት በአገር ቤት ቀርተዋል። አሳባቸው ዕዳ ከፍሎ፣ ጥቂት ገንዘብ ይዞ፣ ተመልሶ መሬት መግዛት ነበር። አንዳንዱ ቀናውና ተመለሰ። ሌላው ግን ዛሬ ነገ ሲል እዚያው አረጀ።

በአሮውታውን የሰፈሩት ከከተማው ዳር፣ በአንዲት ጅረት አጠገብ ነበር። ጎጆዎቻቸው ትንንሽ ናቸው። አንዳንዶቹ ከገደል ግድግዳ ጋር ተጣብቀው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዐለቱ ራሱ የጎጆው አንድ ግድግዳ ይሆናል። የቀረው በድንጋይ፣ በጭቃ ጡብ፣ በቆርቆሮ ይሠራል፤ የአንዳንዶቹ ክዳን ሣር ነው። ውስጡ አንድ መኝታና አንድ ምድጃ ከያዘ ሞላ ማለት ነው። በአጠገቡ አትክልት ይተክላሉ፤ ለከተማው ሰው ይሸጣሉ። በመንደሩ አህ ለም የሚባል ቻይናዊ ነጋዴ ሱቅ ነበረው። ሱቁ ሱቅ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ የሚቀመጥበት፣ የአገር ቤት ወሬ የሚሰማበት፣ በበዓል ቀን የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር።

ቻይናዎቹ ተጠርተው ቢመጡም በክብር አልተያዙም። ቋንቋቸው፣ ልብሳቸውና ምግባቸው መሳለቂያ ሆነ። ቆይቶም ንቀቱ ሕግ ሆነ። በ1881 እ.ኤ.አ. ወደ ኒው ዚላንድ የሚገባ ቻይናዊ ሁሉ 10 ፓውንድ የራስ ግብር እንዲከፍል ታወጀ። በ1896 እ.ኤ.አ. ግብሩ 100 ፓውንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ግብር ከሌላ አገር ሰው አይጠየቅም ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ለሽማግሌዎች ጡረታ ሲፈቀድም ቻይናዎች ተገለሉ። ስለዚህ ወጣትነቱን በበረዶ ውኃ ውስጥ የጨረሰ ሰው ሲያረጅ የሚጦረው አልነበረም።

ከሞት በኋላም መከራ ነበር። ቻይናዎቹ አጥንታቸው በአገራቸው አፈር እንዲያርፍ ይመኙ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ወገኖቻቸው ገንዘብ አዋጥተው የ499 ሟቾችን አፅም ቬንትነር በምትባል መርከብ ወደ ቻይና ላኩ። መርከቧ በመንገድ ላይ ሰጠመች። አንዳንዱን አፅም ማዕበል ወደ ባሕር ዳር ሲያወጣው፣ ማኦሪ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች አንሥተው ቀበሩት። አፅሙ የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የሰው መሆኑን ግን ያውቁ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች አንድ በአንድ አለቁ። ጎጆዎቹ ፈረሱ፤ ቁጥቋጦ በላቸው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ባላነበብነው ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ግን የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎች ቦታውን በጥንቃቄ ቆፈሩት። የተሰበረ ሳህን፣ ጠርሙስ፣ ሳንቲም እየለቀሙ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የተገኘበትን ስፍራ መዘገቡ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ጎጆዎችና የአህ ለም ሱቅ ተጠገኑ። ዛሬ ቦታው በሕዝብ ይጎበኛል። ጎብኚው አጎንብሶ በትንሿ በር ሲገባ፣ ሰው እንዴት እንደኖረ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

የራስ ግብሩ በ1944 እ.ኤ.አ. ተሽሮ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሔለን ክላርክ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። የአንድ መንደር ድንጋይ መጠበቁ ብቻውን ይቅርታ አያመጣም። ነገር ግን «እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም» ለሚል ሰው፣ ጎጆው ቆሞ ይመሰክርበታል።

2. ሰባራ ድልድይ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ደጋውን ይዞ ይጓዛል። ከሞጣ ወደ ጐንደር ክፍል በእግር ለመሻገር የሚፈልግ ግን ደጋውን ለቆ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ዓባይ በክረምት ሲሞላ አይደፈርም። ጎጃምንና በጌምድርን የሚለያያቸው እርሱ ነው።

በዚህ ስፍራ በአፄ ፋሲል ዘመን የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ አንዳንድ ጊዜ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ነገር ግን አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የተባሉትን የአውሮፓ ካህናት ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። በዚያ ዘመን ኖራ አቃጥሎ ድንጋይን ከድንጋይ የማጣበቅ ሥራ በተስፋፋ ጊዜ፣ ከሕንድ የመጡ ግንበኞችም እጅ ነበረበት። የአገሩም ሰው ሙያውን ተማረ። ስለዚህ ድልድዩን «የእገሌ አገር ነው» ብሎ ለአንድ ወገን መስጠት አይቻልም። ንጉሡ አዘዙ፤ ባለሙያው አሳየ፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ በረሃ ወርዶ የተሸከመው ደግሞ ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው።

የድልድዩ ጥበብ በቅስቱ ላይ ነው። ቅስት ማለት እንደ ደጋን ጎበጥ ብሎ የተሠራ ግንብ ነው። ከላይ ሸክም ሲጫነው ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ሸክሙም በግራና በቀኝ ወደ ቆሙት ምሰሶዎች ይወርዳል። ለዚህ ነው ብረት የሌለበት ድልድይ ነጋዴውንና የጭነት ከብቱን ተሸክሞ ዘመናት የቆየው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጠላት እንዳይሻገርበት ሲባል የድልድዩ መካከለኛ ቅስት ተሰበረ። «ሰባራ ድልድይ» የተባለው በዚህ ነው። ጠላት ሄደ፤ ስብራቱ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ መሻገር የሚፈልግ ሰው ገመድ በወገቡ ይታሰርለታል። በወዲህና በወዲያ የቆሙ ጎበዞች ገመዱን ወጥረው ይይዛሉ። መንገደኛው በባዶው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል፤ ከሥር ዓባይ ይጮኻል። ገበያ የሚሄደውም፣ ዘመድ የሚጠይቀውም፣ የታመመውም በዚህ ዓይነት ይሻገር ነበር። ይህ ለአሥርታት ዓመታት የዘለቀ ሥራ ነው። እነዚያ ገመድ ሳቢዎችም የድልድዩ ታሪክ ናቸው።

በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባል የአሜሪካ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ የእርዳታ ድርጅት አቋቋመ። በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። የአካባቢው ሕዝብም በጉልበቱ ተሳተፈ። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አዲሱ ድልድይ ሕዝቡን ሲያሻግር፣ የአሮጌው ፍርስራሽ ደግሞ ለታሪክ ይቀመጣል። የሁለቱም ጥቅም እንዳለ መረዳት ይገባል።

3. ጋፋት

ድልድዩን ተሻግሮ በአንዳቤትና በእስቴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ደብረ ታቦር ይደርሳል። በመኪና የሚሄድ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በወረታ በኩል ይገባል። ከወረታ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የቻይና ሠራተኞች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሠርተውታል። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ የቻይና እጅ በእኛም አገር ድንጋይ ፈልጧል።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ አይርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ አገራቸው የእጅ ሙያ እንዲኖራት አጥብቀው ይሹ ነበር። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር የመጡ ወጣት ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ባዝል በምትባለው ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የተማሩ ነበሩ። የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ቢሆንም፣ በእጃቸው ሠርተው እንዲኖሩ ሙያም ተምረው ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን ከእነርሱ ወገን ናቸው። ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪትዝ ሃል የሚባል የፖላንድ ሰውም ተጨመሩ። ንጉሡ በጋፋት አሰፈሯቸው። ለእያንዳንዱ ቤት ተሠራለት። ደመወዝ፣ በቅሎና ልብስ ተሰጠው። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ወይም በኢትዮጵያ የተወለዱ የውጭ አገር ሰዎችን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ ልጆች ወለዱ። የኢትዮጵያ ልጆችም በጋፋት ፊደልና ሙያ ይማሩ ነበር።

መጀመሪያ የሠሩት መንገድና ጋሪ ነበር። ቆይቶ ንጉሡ «መድፍ ሥሩልኝ» አሉ። ባለሙያዎቹ «አናውቅበትም» ብለው መለሱ። ነገር ግን የንጉሥ ትእዛዝ ነውና መሞከር ግድ ሆነ። ምድጃ ሠሩ፤ ከሸፈ። እንደገና ሠሩ፤ እንደገና ከሸፈ። ደጋግመው ሲሞክሩ ግን ብረቱ ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ፈሰሰ። ንጉሡም እጅግ ተደሰቱ። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። የማያውቁትን ሥራ በመሞከር ይማሩታል፤ መክሸፍም የትምህርቱ አካል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ሴባስቶፖል ነው። በ1859 ዓ.ም. ግድም በጋፋት ሠራተኞች እጅ ተሠራ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን ወደ መቅደላ አስጎተቱት። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከፊት እየተጠረገ መድፉ ከኋላ ይከተል ነበር። ለዚህ አንድ መድፍ ብቻ 500 ያህል ሰው ይጎትት እንደነበር ተጽፏል። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ሴባስቶፖል በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ። አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ባለሙያዎቹስ? ክብር ነበራቸው፤ በፈለጉት ጊዜ ወደ አገራቸው የመሄድ መብት ግን አልነበራቸውም። የንጉሡና የእንግሊዝ መንግሥት ጠብ ሲከር እነርሱም መቅደላ ድረስ ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በሊባኖስ ብሩማና በሚባል ስፍራ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጋፋትም ከዚያ ወዲያ የመድፍ መንደር አልሆነችም።

የአሮውታውን ቻይናዎችና የጋፋት ሰዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቻይናዊው ለመሄድ ነፃ ነበር፤ ክብር ግን አላገኘም። የጋፋቱ ባለሙያ ክብር አገኘ፤ ለመሄድ ግን ነፃ አልነበረም። ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁለቱም እንደሚያስፈልጉት ከዚህ እንማራለን።

4. ስማቸው ያልተጻፈ

የጋፋትን ታሪክ ስናነብ የነጮቹን ስም እናገኛለን። የንጉሡንም ስም እናገኛለን። ወናፍ የነፋው ማን ነው? ከሰል ያከሰለው፣ ጭቃ የረገጠው፣ ነሐስ የለቀመው፣ መድፉን በትከሻው የገፋው ማን ነው? የአገራችን ሰው ነው። ስሙ ግን የለም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። በአገራችን ማረሻና ምሳር የሚሠራልን ሰው «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ልብስ የሚያለብሰን ሸማኔ፣ ማሰሮና ምጣድ የምትሠራልን ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋልን ፋቂ፣ ሁሉም ተንቀው ኖረዋል። «ቡዳ ነው» እየተባለ ከማኅበርና ከጋብቻ የተገለለው ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻ ሠሪውን ግን ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ይህ ግራ የገባው ነገር አይደለምን?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ግን ብቻውን ልማድ አይለውጥም። ቻይናዊውን ወርቅ አጣቢ «የማያምር እንግዳ» ያለው ሰውና የጎረቤቱን ብረት ሠሪ «ቡዳ» ያለው ሰው፣ አንድ ዓይነት በደል ፈጽመዋል። ሁለቱም በሌላው ሥራ እየተጠቀሙ ሠራተኛውን ንቀዋል።

የሠራተኛን መንደር የምንጠብቀው ስለዚህ ነው። የተናቀው ሰው ስሙ ባይገኝ እንኳ፣ ሥራው የነበረበት ቦታ ከተጠበቀ ክብሩ በከፊል ይመለሳል።

5. ስንጎበኝ ምን እናድርግ?

አንድ አባት መምህሩን እንዲህ ቢሉት ምን ይመልሳል?

«እኔ እምለው መምህር፣ ፍርስራሽ ድንጋይ ለማየት በረሃ መውረድ ምን ይባላል? ድንጋይ እንደሆን በጓሮዬ ሞልቷል።»

«እውነት ነው አባቴ። ግን እርስዎ የጓሮዎን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠው ያውቃሉ።»

«አሳምሬ! ያ ካብ የአያቴ ነው።»

«ካቡን ሰው አፍርሶ ቢወስደውስ?»

«አያቴን የደፈረ ነው እንጂ!»

«እንግዲህ ድልድዩም የአንድ ሰው አያት ካብ ነው።»

ጉብኝት ማለት አይቶ መመለስ ብቻ አይደለም። የሚከተሉትን ነጥቦች ብንይዝ ጉብኝታችን ትምህርት ይሆናል።

ሀ. ከመሄዳችን በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ሠራተኞችና የአካባቢውን ሰዎች እናነጋግር። ቦታው የሰው ማሳ ውስጥ ከሆነ ባለ ማሳውን እናስፈቅድ።

ለ. ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን እንጠይቅ። የሚሉትን እንጻፍ። የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀኑን እንመዝግብ። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው። ሰው ሲሞት የሚያውቀው ነገር አብሮት ይቀበራል፤ የተጻፈ ግን ይቆያል።

ሐ. የሰማነውን ከታየው ጋር እናነጻጽር። ለምሳሌ የድልድዩ ኖራ በእንቁላል ተቦክቷል የሚል ወሬ በብዙ ቦታ ይነገራል። ወሬውን እንደ ወሬ እንጻፈው፤ የምናየውን ድንጋይና ኖራ ደግሞ እንደ ማስረጃ እንያዘው።

መ. ድንጋይ፣ የብረት ቁራጭ፣ የሸክላ ስባሪ ከቦታው አናንሣ። አንድ ስባሪ ከተገኘበት ስፍራ ከተነሣ ምስክርነቱን ያጣል። በአሮውታውን ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ዕቃ በስፍራው የመዘገቡት ስለዚህ ነው።

ሠ. ስናርስ ወይም መሠረት ስንቆፍር አሮጌ ዕቃ ብናገኝ ቁፋሮውን አቁመን ለአካባቢው መሥተዳድር እናሳውቅ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

ረ. በፍርስራሹ ላይ ስም አንጻፍ፤ ከብት አንሰድበት፤ ለአጥር ድንጋይ አንውሰድበት።

እነዚህ ሥራዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ደብተርና እርሳስ፣ ጥቂት ትዕግሥት፣ እንዲሁም ጎረቤትን የማሳመን ችሎታ ይበቃል። በየመንደሩ ብረት የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ፣ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ወደ እነርሱ ደጅ ሄደን «ሙያውን ከማን ተማራችሁ? አያቶቻችሁ የት ይሠሩ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ፣ የመጀመሪያውን ጉብኝት በሠፈራችን አደረግን ማለት ነው።

ጥያቄዎች

1. ቻይናዎቹ ወደ ኒው ዚላንድ እንዲመጡ ለምን ተጋበዙ? ከመጡ በኋላስ ምን ዓይነት ሕግ ወጣባቸው?
2. ቅስት ሸክም እንዴት ይሸከማል? በደጋን ወይም በእንጨት እያሳያችሁ አስረዱ።
3. ሰባራ ድልድይ ለምን ተሰበረ? ከዚያ በኋላ ሰዎች እንዴት ይሻገሩ ነበር?
4. የአሮውታውን ቻይናዎችና የጋፋት ባለሙያዎች ኑሮ በምን ይመሳሰላል? በምን ይለያያል?
5. በመንደራችሁ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ቃል አለ? ስለዚህ ጉዳይ በቡድን ተወያዩ።
6. ከአንድ ብረት ሠሪ፣ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ጋር ተነጋግራችሁ የነገራችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ።

የቃላት ትርጉም

ቅስት — እንደ ደጋን ጎብጦ የተሠራ ግንብ
ወናፍ — እሳት ማናፈሻ የቆዳ ከረጢት
ቅርስ — ካለፈ ትውልድ የተላለፈ ሥራ ወይም ዕቃ
የራስ ግብር — በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚጣል ግብር
አፅም — የሞተ ሰው አጥንት
እ.ኤ.አ. — እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር